ትልቅ ነፔንቴስ ራጃ በ120 ዶላር፦ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፣ የበረንዳው ገበሬ (ቨርጂኒያ)

ነፍሳት በል ተክሎችን ማሳደግ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። እስካሁን ያሉኝ ከአበባ መሸጫ የገዛኋቸው ተራ ዲቃላዎች ናቸው። ሰሞኑን አንድ ሰው ከማሌዥያ ነፔንቴስ ራጃ ልላክልህ አለኝ፤ ያ ነፍሳት የሚያጠምድበት፣ ከሁለት ሊትር በላይ የሚይዝ እንስራ መሳይ ቅጠል የሚያወጣው። በፎቶው ላይ ቅጠሉ ክንድ ያክላል። ዋጋው 120 ዶላር ነው። «ወረቀት አያስፈልግም፤ ጥቅሉ ላይ የደረቀ ቅጠል፣ ስጦታ ብዬ እጽፍበታለሁ» ብሎኛል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። ፎቶውንም ከዚህ በታች አያይዣለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ችግኝ አፍይዋ

ወንድሜ፣ እንዳትገዛ። ራጃ በተፈጥሮ የሚበቅለው በቦርኒዮ ደሴት፣ በማሌዥያዋ ሳባ ግዛት፣ በኪናባሉና በጎረቤቱ በታምቡዩኮን ተራራ ብቻ ነው። ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድ ስምምነት አንደኛው አባሪ ላይ የሰፈሩት የነፔንቴስ ዝርያዎች ሁለት ናቸው፤ ራጃና የሕንዱ ካሲያና። የቀሩት በሁለተኛው አባሪ ናቸው። ከዱር የተነቀለ ራጃ ለንግድ ድንበር አይሻገርም። ሰው ያባዛው ግን በላኪው አገር ፈቃድ ይሸጣል። ፈቃዱ ላይ የምንጭ ምልክት አለ፤ «ደብልዩ» ከዱር ነው፣ «ኤ» ወይም «ዲ» ሰው ያባዛው ነው። ፈቃዱ የሚወጣው ዕቃው ከመላኩ በፊት ነው። በዚያ ላይ የተክል ጤና ምስክር ወረቀት አለ። «ስጦታ» የሚለው ቃል ከዚህ ሁሉ አያስመልጥም።

ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። አሮጌዎቹ ቅጠሎች በነፍሳት ተበልተው ወንፊት መስለዋል፤ ግንዱ እንጨት ሆኗል፣ ጫፉ ገና በቅርቡ በቢላ ተቆርጧል፤ ሥሩ እርቃኑን በጋዜጣ ተጠቅልሏል። በችግኝ ጣቢያ ያደገ ተክል እንዲህ አይመስልም። ራጃ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ያንን ያህል ለዓመታት ተንከባክቦ በ120 ዶላር የሚሰጥህ ሰው የለም።

መልስ፣ የተቀጣው

እኔ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ «ግድ የለም» ተብዬ አዘዝኩ። ጥቅሉ ድንበር ላይ ተያዘ፤ እጄ የገባው ተክሉ መወረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ነው። ላኪው ደግሞ ስልኩን ዘጋ። ሌሲ አክት የሚባለው የአሜሪካ ሕግ በ2008 ተሻሽሎ፣ በሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የተወሰደ ተክል መግዛትንም እንደሚከለክል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ተባዝቶ የሚሸጥ ግን ድንበር ስለማይሻገር የሳይተስ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለምን ራስህን ታደክማለህ?

መልስ፣ ሙግተኛው

በተባለው እስማማለሁ፤ ወረቀት ሁሉን ያጠራል የሚለውን ግን አልቀበልም። በኢንዶኔዥያ ምዕራብ ካሊማንታን፣ በኬላም ተራራ ገደል ላይ ብቻ የሚገኘውን ነፔንቴስ ክሊፔታን ተመልከቱ። ሰብሳቢዎች ነቅለው ነቅለው ሊያጠፉት ደርሰዋል፤ በሰነድ ግን ያለው በሁለተኛው አባሪ ነው፣ ከራጃ ይልቅ በላላው። ስለዚህ ሻጩን «ከዘር ነው ወይስ ከቲሹ ካልቸር? የእናት ተክሉ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቲሹ ካልቸር ማለት ከተክሉ ቅንጣት ወስዶ በቤተ ሙከራ ማባዛት ነው፣ በአገራችን የሙዝ ችግኝ የሚባዛበት ያው ዘዴ፤ ከአንድ ተክል ሺዎችን ያወጣል፣ ተራራውን ማንም አይነካውም። እውነተኛ አባዢ ይህን ለመናገር ይቸኩላል፤ ዋሾው ስለ ዋጋ ብቻ ያወራል።

የበረንዳው ገበሬ

ሰውየውን ተክሉ የተተከለበትን ማሰሮ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። መልስ የለም፤ ማታ ስገባ ገጹም ጠፍቷል። ከአገር ውስጥ አባዢ በቲሹ ካልቸር የተባዛ፣ መዳፍ የማይሞላ ራጃ አዝዣለሁ። የማስቀምጠው ምድር ቤት ነው፤ ሌሊት 24 ዲግሪ ይሆናል። ይበቃዋል?

ችግኝ አፍይዋ

አይበቃውም፤ ይገድለዋል። ይህ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚኖር የደጋ ተክል ነው፤ ሌሊቱ የአዲስ አበባ ሌሊት ዓይነት፣ 15 ዲግሪና ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ አየሩም እርጥብ። ካልተላከ ትእዛዙን ሰርዝና የፊሊፒንሱን ነፔንቴስ ቬንትሪኮሳ ውሰድ፤ እሱ ቻይ ነው። የማቀዝቀዣ ሣጥን ስትሠራ ወደ ራጃ ትመለሳለህ። ሣጥኑን እንዴት እንደሠራሁት ነገ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።