ኤሌክትሮኒክስ ኢንጅነር ሆኖ ፓርቲክል ፊዚክስ ውስጥ መስራት ምን ይመስላል?

ቦርድ_ሰሪ (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ። የተማርኩት ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ አሁን ውሎዬ ፓወር ሰፕላይ ዲዛይን ላይ ነው፣ 48 ቮልት ገብቶ 5 ወይ 3.3 ሆኖ እንዲወጣ፣ እንዳይግል፣ እንዳይጮህ፣ ዋጋው እንዲቀንስ፣ ይሄው ነው። ስራውን አልጠላውም ግን ቀሪ እድሜዬን በዚሁ ልጨርስ ነው ወይ የሚለው ነገር እየከነከነኝ ነው። ሰሞኑን ስለ ሰርን (ጄኔቭ ያለው የአውሮፓ ፓርቲክል ፊዚክስ ላብ) ሳነብ ዜናው ሁሉ ስለ ፊዚሲስቶቹ ነው፣ እገሌ ቲዎሪውን አወጣ፣ እገሌ ኖቤል ወሰደ፣ እሺ ይሁን ግን 27 ኪሎሜትር ማሽን እኮ በቲዎሪ አይበራም፣ ሽቦውን የዘረጋው ቦርዱን የሰራው ሰውዬ የት ሄደ? ስለዚህ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ፊዚክስ ሳይማሩ እዛ መስራት ይቻላል? ከተቻለስ ኢንጅነሩ የራሱ የሆነ ስራ አለው ወይስ ያዘዙትን ሶልደር ሲያደርግ ነው የሚውለው? ደሞ ሰው ጡረታ እስኪወጣ የሚሰራበት ሙያ ነው ወይስ ሁለት ሶስት አመት ቆይተው የሚወጡበት? ዶክመንተሪ ላይ ያለውን ሳይሆን ውሎውን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ናኖሰከንድ
እኔ የምሰራው የዲቴክተር (ከግጭት የሚወጡትን ፓርቲክሎች የሚለካው መሳሪያ) ኤሌክትሮኒክስ የሚሰራ የዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ነው፣ የሰርን ተቀጣሪ አይደለሁም። ይሄን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ሁሉም ነገር እዛው ጄኔቭ የሚሰራ ስለሚመስለው ነው። አብዛኛው የዲቴክተር ቦርድ በየአገሩ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦች ተሰርቶ ተፈትሾ በሳጥን ተጭኖ ነው የሚሄደው።

ፊዚክስ መማር ግዴታ አይደለም። ግን ፊዚሲስቱ መጥቶ ኖይዙን ቀንስልኝ ሲልህ ለምን እንደፈለገው ካልገባህ የማይጠቅመውን ነገር አሳምረህ ትሰራለታለህ፣ ስለዚህ ወደድክም ጠላህም ቀስ በቀስ ትማረዋለህ።

ሶልደር ነው ወይ ላልከው ግን ይሄን ልንገርህና አንተው ፍረድ። ኤልኤችሲ ላይ (ያ ያልከው 27 ኪሎሜትር ማሽን) ፕሮቶኖቹ በየ25 ናኖሰከንዱ ነው የሚገናኙት፣ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። በ25 ናኖሰከንድ ብርሃን ራሱ የሚሄደው 7 ሜትር ተኩል ነው፣ አትላስ የሚባለው ዲቴክተር ደሞ 46 ሜትር ይረዝማል፣ እና ከአንዱ ግጭት የወጡት ፓርቲክሎች ገና ዲቴክተሩን ጨርሰው ሳይወጡ ሁለተኛውም ሶስተኛውም ግጭት ተከስቷል። የትኛው ሲግናል የየትኛው ግጭት ነው? ይሄን እዛው በቦታው የሚለየው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ሁሉንም ዳታ መያዝ ደሞ አይታሰብም። ሲኤምኤስ የሚባለው ሌላው ዲቴክተር ላይ የመጀመሪያው ትሪገር (የትኛው ግጭት ይያዝ የትኛው ይጣል ብሎ የሚወስነው) ከ40 ሚሊዮኑ በሰከንድ 100 ሺህ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ 4 ማይክሮሰከንድ አይሞላም፣ ከዛ ላይ ሲግናሉ በኬብል ሄዶ ለመመለስ የሚፈጀው ይቀነሳል። ተራ ኮምፒውተር አይደርስበትም፣ ኤፍፒጂኤ (ሎጂኩን እንደፈለግክ የምታዋቅረው ቺፕ) ላይ ነው የሚሰራው። የተጣለው ተጥሏል፣ መልሼ ልየው ማለት የለም፣ አዲስ ፓርቲክል ቢመጣና ያ ሎጂክ ካላሳለፈው ማንም ሳያየው ይቀራል።

ውሎው ግን እንደዚህ የሚያስገርም አይደለም ሃሃ። ላባችን ግድግዳ ላይ ሌሞ የሚባሉ የሲግናል ኬብሎች በርዝመት ተለይተው ተሰቅለዋል፣ ላያቸው ላይ የተጻፈው ሜትር ሳይሆን ናኖሰከንድ ነው፣ 1 ሜትር ኬብል 5 ናኖሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ። አንዱ ሲግናል ቀድሞ እየደረሰ ካስቸገረህ ረዘም ያለ ኬብል ትሰካበታለህ፣ አለቀ። ጫፉን በ50 ኦም ካልዘጋኸው ደሞ ሲግናሉ ነጥሮ ይመለስና ኦሲሎስኮፑ ላይ አንዱ ፐልስ ሁለት ሆኖ ይታይሃል፣ አዲስ የመጣ ተማሪ የሆነ ነገር አገኘሁ ብሎ እየሮጠ የሚጠራን ያኔ ነው።

አሮጌ_ክሬት
ሰውዬው የት ሄደ ላልከው እኔ ልመልስ፣ የድሮ ሰው ነኝ ታሪኩን እወደዋለሁ።

ቤንት ስተምፕ የሚባል ዴንማርካዊ የኤሌክትሮኒክስ ኢንጅነር አለ፣ ሰርን የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1970ዎቹ ኤስፒኤስ የሚባለውን ወደ 7 ኪሎሜትር የሚጠጋ አክስለሬተር (ፓርቲክል ማፍጠኛ) ሲሰሩ የኮንትሮል ክፍሉ ነገር አስጨነቃቸው፣ በድሮው አሰራር ለእያንዳንዱ መሳሪያ የራሱ ቁልፍና ማዞሪያ ቢደረግ ግድግዳው አይበቃም። ፍራንክ ቤክ የሚባለው ሀላፊ ሁሉም በኮምፒውተር ሆኖ ኦፕሬተሩ ጥቂት ቁልፍ ብቻ ይኑረው፣ ቁልፎቹም እንደስራው ስማቸው ይቀያየር አለ። ስተምፕ በ1972 ያመጣለት መፍትሄ መስታወት ላይ በጣም ቀጭን የመዳብ መስመር ተስሎ ጣት ሲነካው ካፓሲታንሱ የሚቀየር ስክሪን ነው። ኤስፒኤስ በ1976 ስራ ሲጀምር ኦፕሬተሮቹ በዛ ነበር የሚሰሩት፣ በአንድ ስክሪን 16 ቁልፍ ነበረው። ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለው ነገር ሀሳቡ ያው ነው። ያኔ ግን ለማንም ትልቅ ግኝት አልመሰለውም፣ ኮንትሮል ክፍሉ እንዲሰራ ብቻ ነበር የተፈለገው።

ሁለተኛው ደሞ አንተን ይመለከታል። ሲሞን ቫን ደር ሜር፣ ሆላንዳዊ፣ ዴልፍት ነው የተማረው፣ ፊሊፕስ ሰርቶ በ1956 ሰርን ገባ። ዶክትሬት የለውም። ከስራዎቹ አንዱ ምን ነበር? የማግኔቶቹ ፓወር ሰፕላይ! አዎ ያንተው ሙያ። ይሄ ሰው ነው ስቶካስቲክ ኩሊንግን፣ የተበተኑ ፓርቲክሎችን ወደ ጠባብ ጨረር የመሰብሰቢያ ዘዴውን፣ ያመጣው። በጣም ባጭሩ፣ ፓርቲክሎቹ ቀለበቱን ሲዞሩ ምን ያህል ከመስመር እንደወጡ አንድ ቦታ ላይ ትለካለህ፣ ሲግናሉን አጉልተህ ከቀለበቱ ማዶ ወዳለ ሌላ ቦታ ትልከዋለህና እዛ ሲደርሱ ወደ መስመር የሚገፋቸው ምት ትሰጣቸዋለህ። ፓርቲክሎቹ ለብርሃን ፍጥነት የቀረቡ ናቸው፣ እንዴት ይቀደማሉ? እነሱ ዙሪያውን ሲሄዱ ኬብሉ በአቋራጭ በመሀል ይሄዳል! እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። በዚህ ዘዴ አንቲፕሮቶን (ቻርጁ ተቃራኒ የሆነ የፕሮቶን አቻ) ማከማቸት ተቻለ፣ ደብልዩ እና ዚ ፓርቲክሎች በ1983 ተገኙ፣ በ1984 ከካርሎ ሩቢያ ጋር ኖቤል ወሰደ።

የሻርፓክንም ልጨምር፣ እሱ ፊዚሲስት ነው ግን። ከ1968 በፊት ብዙው ዲቴክተር ፎቶ ነበር የሚያነሳው፣ ፎቶውን ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያየዋል። እሱ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ዘርግቶ ለእያንዳንዱ ሽቦ የራሱ አምፕሊፋየር አደረገለት፣ ትራንዚስተር ረክሶ ስለነበር ነው የተቻለው። ከዛ በኋላ ፊዚክሱ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ሰው ወደየትም አልሄደም።

ኬብል_ጎታች
ኖቤል የወሰደውን ካወራን አይቀር ያልወሰድነውንም እናውራ እንጂ። ልጁ የጠየቀው ስለ ሙያ ነው።

አንድ ላብ ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ስሙ ይቅር፣ ኮንትራቱ በፕሮጀክት ገንዘብ ነው የሚታደሰው፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ቦርዱን የሚያውቀው ሰው ይሄዳል፣ ቦርዱ ግን እዛው ዲቴክተሩ ውስጥ ገና አስር አመት ይሰራል። ከወጣሁ በኋላ እንኳ ማታ ማታ እየደወሉ ይሄ ሬጅስተር ምንድነው ይሉኝ ነበር፣ በነጻ። ቋሚ ቦታ አለ ግን ጥቂት ነው፣ ሰርንም ቋሚ ሰራተኛ የሚቀጥረው በዋናነት የአባል አገር ዜጎችን ነው።

ስምን በተመለከተ ደሞ፣ በ2015 አትላስና ሲኤምኤስ አንድ ላይ የሂግስ ፓርቲክልን ክብደት ያወጡበት ጽሁፍ ከ5 ሺህ በላይ ደራሲ አለው፣ 9 ገጽ ጽሁፍ 24 ገጽ የስም ዝርዝር ይከተለዋል። እና ብዙ ኢንጅነር እዛም ውስጥ አታገኘውም። የሚታወስህ ሲበላሽ ብቻ ነው። በ2011 ኒውትሪኖ የሚባለው ፓርቲክል ከብርሃን ቀደመ ተብሎ አለም የተንጫጫ ጊዜ ትዝ ይላችኋል አይደል? ከሰርን ተልኮ ጣሊያን ግራን ሳሶ ድረስ 730 ኪሎሜትር ሄዶ በ60 ናኖሰከንድ ቀድሞ ደረሰ ያሉት፣ ኦፔራ የሚባለው ሙከራ። ምን ሆኖ ተገኘ፣ የጂፒኤስ ሰአት የሚያመጣው ፋይበር በደንብ ጠብቆ አልተሰካም፣ ብርሃኑ ሲያንስ ሪሲቨሩ ዘግይቶ ነው የሚያየው። አይንስታይን ተሳስቷል ሲባል የአለም ጋዜጣ ነው፣ ኮኔክተር ላልቷል ሲባል የእኛ ጥፋት።

ክፍያውም ከኢንዱስትሪ ያንሳል ብዙ ጊዜ። አትግባ አላልኩም፣ አውቀህ ግባ።

ቦርድ_ሰሪ (ጠያቂ)
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ያቋራጭ ኬብሉ ነገር ጉድ ነው። @አሮጌ_ክሬት ሰውየው ፓወር ሰፕላይ ላይ መስራቱን አላውቅም ነበር፣ አበረታታኸኝ። ግን ያ ድሮ ነው፣ አሁን ለፓወር ሰው የሚሆን ስራ አለ? ሁሉም ኤፍፒጂኤ እና ቺፕ ዲዛይን ብቻ ነው የሚመስለው።

ናኖሰከንድ
ኧረ ፓወር ዋናው ራስ ምታታችን ነው! ስማ፣ የውስጠኛው ዲቴክተር ቺፖች ትንሽ ቮልቴጅ ብዙ ከረንት ነው የሚፈልጉት። ከውጭ በቀጥታ ልላክ ካልክ ኬብሉ ይወፍራል፣ መዳብ በበዛ ቁጥር ደሞ ፓርቲክሎቹ እሱን እየመቱ አቅጣጫቸው ይዛባል፣ ልትለካው የመጣኸውን ራስህ አበላሸኸው ማለት ነው። ስለዚህ በከፍ ያለ ቮልቴጅ ትልክና ቺፑ አጠገብ ታወርደዋለህ፣ ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር፣ ያው ያንተ ስራ። እስቲ አሁን ቀን በቀን የምትጠቀምበትን ኢንዳክተር እዛ አስገባው። ሲኤምኤስ ውስጥ 3.8 ቴስላ ማግኔት አለ፣ ፌራይት ኮሩ (ሽቦው የሚጠቀለልበት ማግኔታዊ እምብርት) ገና ሳትጀምር ሳቹሬት አድርጓል፣ ከዛ በላይ ማግኔት አይዝም፣ ኢንዳክተርህ ሽቦ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መፍትሄው ኮር የሌለው በአየር የተጠቀለለ ኮይል ነው፣ ኢንዳክታንሱ ግን ጥቂት መቶ ናኖሄንሪ ብቻ ስለሚሆን ስዊቺንጉን ወደ 2 ሜጋኸርዝ አካባቢ ማድረስ አለብህ፣ ኮር ስለሌለው ደሞ ፊልዱ ዙሪያውን ይረጫል፣ በአጠገቡ ደሞ በጣም ትንሽ ቻርጅ የሚለካ አምፕሊፋየር ቁጭ ብሏል። በቀጭን ሺልድ ትሸፍነዋለህ፣ ሺልዱም ራሱ ብረት ነው፣ ክብደቱ ይቆጠርብሃል።

ይሄ ገና ማግኔቱ ነው። ራዲየሽኑ ደሞ አለ። ትራንዚስተሩ ኦክሳይድ ውስጥ ቻርጅ እየተጠራቀመ በጠርዙ በኩል ከረንት ያፈሳል፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡት ሰዎች ያደረጉት ጌቱን ክብ አድርገው ጠርዝ እንዳይኖረው ማድረግ ነው፣ በተራ የፋብሪካ ፕሮሰስ። የሚሞሪ ቢትም በአንድ ፓርቲክል ምት ከ0 ወደ 1 ይገለበጣል፣ ስለዚህ ዋና ዋና ሎጂኩን ሶስት ቦታ ትሰራና በድምጽ ብልጫ ታስወስናለህ። ከተበላሸ ደሞ ሄዶ መቀየር የለም፣ ዲቴክተሩ እስኪከፈት አመታት ትጠብቃለህ።

@ኬብል_ጎታች ስለ ኮንትራቱ ልክ ነህ አልከራከርህም። ግን የስሙ ነገር ለሁሉም እኩል አያሳምምም፣ እኔን ለምሳሌ ደራሲ ዝርዝር ውስጥ ኖርኩ አልኖርኩ ግድ አይሰጠኝም።

ኬብል_ጎታች
ግድ አይሰጠኝም የሚለው ቋሚ ቦታ ያለው ሰው ነው 😄

ቪያ
ሴት ኢንጅነር ነኝ፣ መግቢያው መንገድ ላይ ትንሽ ልጨምር ማንም ስላላነሳው። ተማሪ ከሆንክ የሰርን የበጋ ተማሪዎች ፕሮግራም አባል ያልሆኑ አገሮችንም ይቀበላል፣ ሀምቡርግ ያለው ዴዚ የሚባለው ላብም የራሱ አለው። አንተ ግን ተመርቀህ ስራ ላይ ስላለህ የሚሻልህ ዲቴክተር ግሩፕ ያለበት ዩኒቨርሲቲ በኢንጅነርነት መግባት ወይ ማስተርስ መጀመር ነው፣ ከዛ በእነሱ በኩል ሄደህ መስራት ትችላለህ፣ ለዚህ ዜግነት ያን ያህል አያስጨንቅም። እስከዛ ስራቸውን ቁጭ ብለህ ማየት ትችላለህ፣ ኋይት ራቢት የሚባለው በኪሎሜትሮች ርቀት ያሉ መሳሪያዎችን ሰአት ከ1 ናኖሰከንድ ባነሰ ልዩነት የሚያስተካክለው ሲስተም ስኬማቲኩ ሳይቀር ክፍት ነው፣ ኪካድ የሚባለውን የቦርድ ዲዛይን ሶፍትዌርም ሰርን ለአመታት ደግፎታል ስለዚህ መሳሪያውም ነጻ ነው። የሰው ቦርድ ማንበብ ከኮርስ በላይ ያስተምራል።

ደሞ ከወጣህ ባዶ እጅህን አትወጣም፣ ራዲየሽን የሚያውቅ ሰው ሳተላይት የሚሰሩት ይፈልጉታል፣ ሜዲፒክስ የሚባሉት ቺፖች ለፓርቲክል ተብሎ ከተሰራው ተነስተው ነው የህክምና ራጅ ውስጥ የገቡት፣ እዛም ስራ አለ።

ቦርድ_ሰሪ (ጠያቂ)
ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም እውነት። ለመጀመሪያ ያህል ቤት ያለኝን አንድ ኮንቨርተር ኮሩን አውጥቼ በአየር ኮይል ልሞክረው አስቤያለሁ፣ ማግኔት ባይኖረኝም የስዊቺንጉን ነገር ለማየት። የሚያስጠነቅቀኝ ካለ?

ናኖሰከንድ
አለ። ፍሪኩዌንሲውን ሳታሳድግ ኮይሉን ብቻ ከቀየርክ ሪፕል ከረንቱ (የከረንቱ መዋዠቅ) በጣም ስለሚያድግ ስዊቹ ወዲያው ይቃጠላል፣ መጀመሪያ ኮንትሮለርህ 2 ሜጋኸርዝ መድረስ መቻሉን ዳታሺቱ ላይ እይ፣ ሲበራም ከረንት ሊሚት ባለው ሰፕላይ አብራው። ከተቻለህ ኮይሉን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ጠቅልለው፣ ቀጥ ካለው ያነሰ ነው የሚረጨው። የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ ረጅሙን የግራውንድ ሽቦ አውልቀህ ለካ፣ አለበለዚያ የምታየው ኖይዝ ግማሹ የፕሮብህ ነው። ስታበራው ፎቶውን ለጥፍ እናየዋለን።