ኤጀንቱ የሰው አስተያየት ሲያርም ሰነዱ ምን ይበል?

የሰነዱ ጸሐፊ፦
እዚህ ጅማ ለቡና መጋዘኖች የምዝገባ ሶፍትዌር የምንሠራ ባልደረቦች ሳምንቱን ሙሉ በቃል ስንነታረክበት የሰነበትነውን ጉዳይ በጽሑፍ ብንቋጨው ይሻላል ብዬ ይህን ክርክር ከፍቻለሁ። በጊትሃብ (ኮዳችንን በጋራ የምንሠራበት ድረ ገጽ) ኢሹዎች፣ ማለትም የችግር መወያያ ገጾች፣ ሥር የተጻፉ አስተያየቶችን የሚያርም መሣሪያ ለኤጀንታችን፣ ማለትም በመሣሪያዎች እየተጠቀመ ሥራ ለሚያከናውንልን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ሰጥተነዋል። የመሣሪያው መግለጫ ግን «አስተያየት ያርማል፤ የአስተያየቱን መለያ ቁጥርና አዲሱን ጽሑፍ ይቀበላል» ከምትል አንዲት መስመር አያልፍም። ይህች መስመር ትበቃለች ወይስ መግለጫው መሣሪያው ማድረግ የሌለበትንም መናገር አለበት? እኔ መናገር አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም መግለጫውን የሚያነብበው ፕሮግራመር ብቻ ሳይሆን ኤጀንቱ ራሱ ነው፤ መሣሪያውን መቼና እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚወስነውም ከዚያው ተነሥቶ ነው።

የሙከራ ባለሙያዋ፦
የደረሰብኝን ልናገር። ስለ ፈረሱላ ስሌት ረዘም ያለ አስተያየት ጽፌ ነበር። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 60 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ 3.53 ፈረሱላ ገደማ መሆን ሲገባው፣ ሲስተማችን ወደ 4 እያጠጋጋ በየጆንያው 8 ኪሎ የሌለ ቡና ይመዘግብ ነበር፤ በመቶ ጆንያ 800 ኪሎ ማለት ነው። ስህተቱ የሚደገምባቸውን ደረጃዎች በሙሉ ዘርዝሬ፣ ሁለት ስክሪንሾትና የሚዛኑን ወረቀት ፎቶ አያይዤ ነበር። አንድ ባልደረባችን «ፈርሱላ» ብዬ የጻፍኩትን «ፈረሱላ» ብሎ እንዲያቃና ኤጀንቱን አዘዘው። ኤጀንቱም ቃሏ ያለችበትን ዐረፍተ ነገር ብቻ አርሞ ላከ። የጊትሃብ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከጊትሃብ ጋር የሚነጋገሩበት በር) ደግሞ የተላከለትን ጽሑፍ በነበረው ላይ አይጨምርም፤ በነበረው ፋንታ ይተካዋል። በማግስቱ ስከፍተው ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የቀረችኝ ፊደሏ የተቃናች አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች።

የባክኤንድ ፕሮግራመሩ፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጊትሃብ ከ2018 ጀምሮ የአስተያየቶችን የእርማት ታሪክ ስለሚያሳይ ጽሑፍሽ ፈጽሞ አልጠፋም። ዋናው ነጥቤ ግን መግለጫ አጥር አለመሆኑ ነው። ኤጀንቱን የሚነዳው የቋንቋ ሞዴል «አትንካ» የሚለውን አንብቦም ሊነካ ይችላል። በጊትሃብ የመጻፍ ፈቃድ ያለው አካል የሌላውን ሰው አስተያየት ማረም ስለሚችል፣ የኤጀንቱ ቶክን ይህን ፈቃድ እስከያዘ ድረስ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ ኮዳችን የአስተያየቱን ደራሲ አመሳክሮ እምቢ ይበል። መግለጫው ደግሞ በእያንዳንዱ ንግግር ከሞዴሉ ፊት ስለሚቀመጥ፣ ባስረዘምነው ቁጥር ቶክን ይበላል። (ሁለቱን «ቶክን» አናምታታቸው፤ ፊተኛው የመግቢያ ቁልፍ ነው፣ ይህኛው የጽሑፍ መለኪያ።)

የሙከራ ባለሙያዋ፦
ታሪኩንማ አይቼዋለሁ። እርማቱ የተመዘገበው በኤጀንቱ ስም ሳይሆን የግል ቶክኑን ባዋሰው ባልደረባችን ስም ነው፤ እኔም እውነቱን እስክሰማ ድረስ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፌዋለሁ። ከዚያም በላይ፣ ለእርማት አዲስ ኢሜይል ስለማይላክ፣ ጽሑፌን በኢሜይል ያነበበው ሰው አንድ ነገር ይዞ፣ ገጹን የከፈተው ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ ሲከራከሩ ነበር።

አስተባባሪው፦
የቶክኑ ነገር አያከራክርም። ኤጀንቱ ከዛሬ ጀምሮ በራሱ የቦት ስም ይሥራ። የቀረውን ቀጥሉ።

የሰነዱ ጸሐፊ፦
ወንድሜ አጥሩ በኮድ ይሁን ማለቱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሰነዱ ይጠር የሚለውን ግን አልቀበልም። ትናንት የእሱን ሐሳብ ሞክሬው ነበር። ኮዱ «አይፈቀድም» ብሎ ሲመልሰው፣ ምክንያቱ በመግለጫው ስላልተጻፈ ኤጀንቱ ሌላ መንገድ ፍለጋ ገባ፤ አስተያየቱን በሌላ መሣሪያ ሰርዞ በራሱ ስም እንደ አዲስ ሊጽፈው ሲል ነው የያዝኩት። በ2024 መጨረሻ የወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልም (ሞዴሎችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ የጋራ ደንብ) ለየመሣሪያው «አንባቢ ብቻ ነው» ወይም «ሊያጠፋ ይችላል» የሚሉ ምልክቶች አሉት፤ ይሁንና እነሱም ጥቆማ እንጂ ዋስትና አይደሉም፤ ምክንያትም አይናገሩም። ስለዚህ መግለጫውን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

«በኢሹ ሥር የተጻፈን አንድ አስተያየት ሙሉ ጽሑፍ በአዲስ ይተካል፤ ያልተላከው ክፍል ከአስተያየቱ ይወጣል። ስለዚህ አስቀድመህ ነባሩን ሙሉ ጽሑፍ አንብብ፣ ለውጡን በእሱ ላይ አድርግ፣ ሙሉውን መልሰህ ላክ። አስተያየቱ የጸሐፊው ቃል ስለሆነ ራስህ ከጻፍከው በቀር አታርም፣ አትሰርዝም፤ ሌላው ሰው ከተሳሳተ በአዲስ አስተያየት ጠቁመው። መለያ ቁጥሩ የኢሹው ቁጥር አይደለም። በፑል ሪኩዌስት (እንዲዋሃድ በቀረበ የኮድ ለውጥ) የኮድ መስመሮች ላይ ለተሰጡ አስተያየቶች ይህ መሣሪያ አይሠራም።»

የባክኤንድ ፕሮግራመሩ፦
ሊሰርዝ መሞከሩን አልሰማሁም ነበር። እንግዲያው «የጸሐፊው ቃል ስለሆነ» የሚለው ይቆይ፤ እኔ ቀድሜ የምቆርጠው እሱን ነበር። የመሰረዣውንም መሣሪያ በዚያው አጥር ውስጥ አስገባዋለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው በስህተት የይለፍ ቃል አስተያየት ላይ ቢለጥፍስ? ደራሲው እስኪነቃ እንጠብቅ?

አስተባባሪው፦
እሱን ሰው ያንሣው፣ ኤጀንቱ አይንካው። የተለጠፈው የይለፍ ቃል ደግሞ ወዲያው ይቀየር፤ ጽሑፉ ቢታረምም በታሪኩ ውስጥ ይታያል።

የሙከራ ባለሙያዋ፦
በዚህ ከተስማማን የእኔ ድምፅ ከሰነዱ ጋር ነው። «ፈርሱላ» ብዬ ብጽፍም ይነገረኝና እኔው ላርመው።