የአገጭ ፀጉር ቤት ውስጥ በኤሌክትሮሊሲስ ማጥፋት፣ የሞከረች አለች?

የሰኞ ገበያዋ፦
ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ከረማችሁ። ጥያቄው ትንሽ ያሳፍራል ግን እዚህ ማንም ስለማያውቀኝ በቃ ልጠይቅ። አገጬ ስርና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ፀጉር ይወጣብኛል፣ የከንፈሩ ስስ ነው ፓውደር ስቀባ አይታይም፣ የአገጩ ግን ጥቁርና ጠንካራ ነው፣ ሳሎን ሄጄ በክር አስነሳዋለሁ ሳምንት ሳይሞላው እጄን ሳሳርፍበት ይሻክረኛል፣ አንዳንዱማ ጭራሽ ቆዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀርና ብጉር ሰርቶ ያጠቁረዋል። ሰው ሲያወራኝ አገጬን የሚያይ እየመሰለኝ ሻሼን ወደ ላይ መሳብ ልማድ ሆኖብኛል።

እና ሪያድ ያለችው እህቴ አንድ መሳሪያ ልላክልሽ አለችኝ፣ በባትሪ የምትሰራ ትንሽዬ ነገር ናት፣ ጫፏ ላይ ቀጭን መርፌ አላት፣ መርፌዋን በፀጉሩ ቀዳዳ አስገብተሽ ኤሌክትሪክ ትለቂበታለሽ ስሩ ይሞታል ዳግም አይበቅልም ነው የምትለኝ። ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል። እውነት ነው? እኔ ጠይም ነኝ ጠባሳ ቢተውብኝስ? ሌዘር እንዳልሰራ አዲስ አበባ መመላለሱም ብሩም የለኝም። ሰርጌ ደግሞ ከረመዳን በኋላ ነው ኢንሻ አላህ፣ ይደርስልኛል?

ጅዳ ደርሳ መልስ፦
አቦ ምን አስጨነቀሽ እህቴ ሀላዋ አለልሽ አይደል። ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ጠብታ ውሃ፣ በቀስታ እሳት ላይ እያማሰልሽ መልኩ ወደ ቡኒ ሲሄድ ታወጪዋለሽ፣ ቀዝቀዝ ሲል በእርጥብ እጅሽ እየሳብሽ እያጠፍሽ ታሺዋለሽ እስኪነጣ ድረስ፣ ከዛ ለጥፈሽ ላጥ። እኔ የማዳሞቹን ሁሉ ስሰራ ነው የኖርኩት ወላሂ፣ እግርና ክንድ ላይ እንደሱ ያለ የለም። መርፌና ባትሪ ፊት ላይ ምን በወጣሽ።

የሰኞ ገበያዋ፦
ሀላዋውንም ሞክሬዋለሁ የኔ ሆድ፣ ለእግሬ ሸጋ ነው። አገጬ ላይ ግን ያው በሳምንቱ ነው፣ ተጠቅልሎ የሚቀረውን ደግሞ ያበዛብኛል።

ቴክኒሻን ዘኮምቦልቻ፦
እኔ ወንድ ነኝ በሴቶች ወሬ ገባ እንዳትሉኝ፣ የኤሌክትሪኩን ልንገራችሁ ብዬ ነው ምክንያቱም እዚህ ጥገና ቤት አንዲት ደንበኛ መሳሪያዋ ተበላሽቶ አምጥታልኝ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ ምንም አስማት የለውም፣ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ፣ ከረንት የሚገድብ ትንሽ ሰርኪዩት፣ መርፌ፣ እና በእጅ የሚያዝ ብረት። መርፌው ኔጌቲቩ ላይ ነው የሚሆነው፣ የምትይዢው ብረት ፖዘቲቭ። ቀጥተኛ ከረንት ሰውነት ውስጥ ያለውን ጨውና ውሃ ሲበትነው መርፌው ጫፍ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል፣ ሳሙና ሰሪዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት ያው ነው፣ የፀጉሩን ስር የሚገድለው እሱ ነው እንጂ ኤሌክትሪኩ ራሱ አያቃጥለውም። ስለዚህ ወሳኙ ከረንቱ ሲባዛ በሰከንዱ ነው፣ ግማሽ ሚሊአምፔር ለ20 ሰከንድ እና 1 ሚሊአምፔር ለ10 ሰከንድ የሚሰሩት ኬሚካል እኩል ነው፣ ቀስ ያለው ህመሙ ይቀላል በቃ።

ዋናው ነገር ፖላሪቲው ነው። መርፌው በስህተት ፖዘቲቭ ላይ ከተያያዘ ብረቱ ራሱ እየተበላ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ጥቁር ነጥብ ሆኖ እንደ ንቅሳት ይቀራል። ሳትጠቀሚበት በፊት ለማወቅ ቀላል ነው፣ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጨው በትኚና መርፌውንም የሚያዘውንም ብረት ሳይነካኩ ንከሪያቸው፣ ደቃቅ አረፋ ግልብጥ ብሎ የሚወጣው መርፌው ላይ መሆን አለበት። አረፋው ወደ ሌላኛው ከበዛና መርፌው እየጠቆረ ከሄደ አቁሚ፣ መልሰሽ ላኪላት።

ክሊኒክ ያለው ሌላ ዓይነትም አለ ቴርሞሊሲስ የሚሉት፣ እሱ በጣም ፈጣን ተለዋዋጭ ከረንት (13.56 ወይም 27.12 ሜጋኸርዝ) በሚፈጥረው ሙቀት ነው የሚሰራው፣ ፈጣን ነው፣ ሁለቱን የሚያደባልቅም አለ ብሌንድ ይሉታል። በኢንተርኔት ደግሞ ያለ መርፌ ፀጉሩን በወረንጦ ይዞ ኤሌክትሪክ የሚልክ እያሉ የሚሸጡት አለ፣ እሱን ተይው፣ ፀጉር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ መንቀያ ነው በውድ ዋጋ።

የወልድያ ጮሌ፦
ቴክኒሻን ወንድሜ የስልክ ቻርጀር ቆርጬ በሪዚስተር ብሰራውስ? 5 ቮልት ናት ምን ታደርጋለች

ቴክኒሻን ዘኮምቦልቻ፦
ኧረ በነቢ! እንዳታደርገው። 5 ቮልት የሚሆነው ቻርጀሩ ደህና እስከሆነ ነው፣ ገበያው ላይ ያሉት ርካሾቹ ውስጣቸው ያለው ኢንሱሌሽን የውሸት ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቀዋለህ፣ ያን ቀን 220ው ቀጥታ አገጭህ ላይ ነው። ባትሪ ብቻ። እየቻርጀ እያለም ማንም እንዳይጠቀም።

ሲስተር ነኝ፦
እህቴ የሰኞ ገበያዋ፣ የቆዳ ክፍል ሰርቻለሁ እና ሁለት ጥያቄ ልጠይቅሽ መሳሪያውን ከማስላክሽ በፊት። አንደኛ ፔሬድሽ በወሩ ይመጣል ወይ? ሁለተኛ ፊትሽ ላይ ለማድያት ወይ ለማቅላት ብለሽ የምትቀቢው ክሬም አለ ወይ?

የሰኞ ገበያዋ፦
ሲስተርዬ እንዴት አወቅሽ፣ ፔሬዴ ሁለት ወር ሦስት ወርም ይዘላል። ክሬም አዎ፣ ለማድያቱ ጓደኛዬ የሰጠችኝን እቀባ ነበር አሁንም አልተውኩትም፣ ስተወው ፊቴ ቀልቶ ያሳክከኛል።

ሲስተር ነኝ፦
አብሽሪ፣ ብዙ ሴት ያለችበት ነው። እንግዲህ ስሚኝ። እነዚህ ቶሎ የሚያቀሉ ክሬሞች ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፣ ክሎቤታሶል ወይ ቤታሜታሶን ይላል ጥቅሉ ላይ ካነበብሽው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሳይጽፉበት ነው የሚሸጡት። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ስሩን ያወጣል፣ ስስ ፀጉርም ያበቅላል። ስትተዪው መቅላቱና ማሳከኩ ከዛ ነው። በአንድ ጊዜ አትጣይው፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስተውሽ። የከንፈርሽ ስስ ፀጉር ከክሬሙ ከሆነ ክሬሙ ሲቆም ራሱ ሊቀንስ ይችላል ያለ ምንም መርፌ። የሳሳ ቆዳ ላይ መርፌ መጀመር ደግሞ ጠባሳ መጋበዝ ነው።

ጥቁርና ጠንካራ ሆኖ አገጭ ስር የሚወጣው፣ ፔሬድ ከመዝለል ጋር ሲሆን፣ ሆርሞን ይታይ እንላለን። ብዙ ጊዜ ፒሲኦኤስ የሚሉት፣ ከእንቁላል ማምረቻው ጋር የተያያዘ የሆርሞን መዛባት ነው፣ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ይታያል። መድኃኒት አለው። ይሄን ሳታዪ ብትነቅዪው ብታቃጥዪው ሆርሞኑ ሌላ አዲስ ስር እያጠነከረ ይልክልሻል፣ ያኔ መሳሪያው አይሰራም ትያለሽ። ደሴ አካባቢ ስለሆንሽ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ፣ ሩቅ አይደለም፣ ከሰርግሽ በፊት ሂጂ።

መሳሪያውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፣ ዘዴው የውሸት አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለዘለቄታው ያጠፋል ብሎ የሚቀበለው ኤሌክትሮሊሲስን ነው፣ ሌዘርን ለዘለቄታው ይቀንሳል ነው የሚለው። ለኛ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፣ ሌዘር የሚያየው ጥቁሩን ቀለም ስለሆነ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ቆዳውንም ሊያቃጥል ይችላል፣ ለኛ የሚሻለው 1064 ናኖሜትሩ ኤንዲ ያግ የሚሉት የሌዘር ዓይነት ነው፣ ቤት የሚሰራበት አይፒኤል የሚሉት የብርሃን ብልጭታ መሳሪያማ ለጥቁር ቆዳ አይሁን ብሎ ካርቶኑ ላይ ተጽፎበታል። መርፌው ቀለም አይመርጥም፣ ሽበትም ይሁን።

የሚያሳስበኝ እጅና ንጽህናው ነው። መርፌ በፍጹም ከማንም ጋር አትጋሪ፣ ከእህትሽም ጋር፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪ በዚህ ይተላለፋል፣ አልኮል መጥረግ ብቻውን ስቴራይል (ከጀርም ሁሉ ነፃ) አያደርገውም። ጆሮሽን ስትበሺ ያበጠ ጠባሳ የቀረብሽ ከሆነ ኬሎይድ ነው አትሞክሪው። የልብ ማሽን ያለበት ሰው አይነካውም፣ እርጉዝም ትተወው። ማርያም የሳመችሽ ምልክት ላይ፣ ያበጠ ብጉር ላይ፣ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ፣ ዓይን አካባቢ አይደረግም።

የዓይኑን ነገር ካነሳሁ፣ ይሄ ዘዴ የተጀመረው ለውበት አልነበረም። በ1875 ሴንት ሉዊስ የነበረ ቻርለስ ሚሼል የሚባል የዓይን ሐኪም ነው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይን የሚወጋ ሽፋሽፍትን ለማጥፋት ያመጣው። ትራኮማ ያለባቸው እናቶቻችን በወረንጦ የሚነቅሉትን ማለት ነው። እና ይሄን አንብባችሁ የእናታችሁን ዓይን በባትሪ እንዳትሞክሩ፣ እሱ በሰለጠነ ባለሙያ የሚሰራ ቀላል ኦፕሬሽን አለው፣ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

እሙ ሀናን ዘከሚሴ፦
እኔ ቤቴ ነው የምሰራው፣ አገጬ አሁን ንጹህ ነው አልሃምዱሊላህ፣ ግን ለሰርግ ይደርሳል ብሎ ማንም አይዋሽሽ። ከዓመት በላይ ነው የፈጀብኝ። ምክንያቱም ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበቅልም፣ ዛሬ የምታዪውን ስትጨርሺ ከስር ተኝቶ የነበረው ይነሳል፣ ተመልሶ የበቀለ ይመስልሻል ግን ሌላ ነው። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ መሳሪያውን ይወረውረዋል።

መጀመሪያ ክሩንም ሀላዋውንም አቁሚ፣ የተነቀለ ፀጉር ቀዳዳው ባዶ ነው መርፌው ምን ይመራዋል። በመቀስ አሳጥሪው፣ ወረንጦ የሚይዘው ያህል ይቅርሽ። ፊትሽን ታጠቢ፣ አልኮል፣ ጥሩ መብራት፣ የሚያጎላ መስታወት። መርፌውን ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ነው የምታስገቢው፣ ቀጥ አድርገሽ አትውጊ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ራሱ ይሄዳል ምንም አያምም፣ ካመመሽ ወይ ደም ነጥብ ካለ ቆዳውን ነው የወጋሽው አውጪውና ድገሚ። የአገጭ ፀጉር ጥልቀት ቢበዛ አምስት ሚሊሜትር ነው፣ እንቢ ሲል ትቆሚያለሽ አትግፊ። ከዛ ከረንቱን ትለቂያለሽ፣ ይቆጠቁጣል፣ ይሞቃል፣ ነጭ አረፋ ነገር ቀዳዳው አፍ ላይ ብቅ ይላል። ከረንቱን አጥፍተሽ መርፌውን ካወጣሽ በኋላ ፀጉሩን በወረንጦ ያዝ ስታደርጊው ሳይጎተት ሸርተት ብሎ መምጣት አለበት፣ ስሩ ላይ ጥቁር እብጠትና እርጥብ ሽፋን ይዞ ነው የሚወጣው። ጠጭ ብሎ ከተነቀለ አልሞተም፣ ነቀልሽው እንጂ አላጠፋሽውም።

የተጎራበቱ ፀጉሮችን በአንድ ቀን አትስሪ፣ አንዱን ዝለይና አንዱን። እኔ እህቴ ናት የምትሰራልኝ፣ የኔ መሳሪያ የሚያዘው ብረት በሽቦ ለብቻው ስለሆነ እኔ በእርጥብ እጄ ብረቱን እይዛለሁ እሷ መርፌውን፣ ለራስ በመስታወት መስራት እጅ ያምታታል። በኋላ ይቀላል፣ በማግስቱ ጥቃቅን ቅርፊት ይሰራል፣ በጥፍርሽ እንዳትነኪው፣ የሚያጠቁረው እሱ ነው። ፀሐይ ስትወጪ ሻሽሽን ያኔ ወደ ላይ ሳቢው ሃሃ። እሬት እቀባለሁ እኔ።

የባቲ ልጅ፦
ዲኑስ? ቅንድብ መቀንደብ ሐራም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ ይሄስ ከሱ ጋር አይገባም?

እሙ ሀናን ዘከሚሴ፦
ቅንድቡ ሌላ ነው። ሴት ፂም ወይ ሪዝ ቢወጣባት ማንሳት ትችላለች የሚሉ ዑለሞች ብዙ ናቸው፣ የሰፈርሽን ሸህ ጠይቂ ግን።

የሰኞ ገበያዋ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር ሁላችሁም። ክሬሙን አሁን አገላብጬ አየሁት፣ ክሎቤታሶል ይላል በትንሹ ጽፈውበት። ሰኞ ቦሩ ሜዳ እሄዳለሁ። እህቴን መሳሪያውን ቆይ ብያታለሁ፣ ሆርሞኑ ከታየ በኋላ። ለሰርጉ ግን ምን ላርግ?

ሲስተር ነኝ፦
ለሰርጉ በክር ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ አስነሺና ቆዳው ይረፍ፣ ወይ በዋዜማው በአዲስ ምላጭ በፀጉሩ አቅጣጫ ቀስ ብለሽ ላጪው። መላጨት ፀጉር ያወፍራል የሚባለው ውሸት ነው፣ ጫፉ ስለተቆረጠ ነው የሚሻክረው።

ጅዳ ደርሳ መልስ፦
እሺ ፊቱን ለቀቅኩላችሁ 😂 ብብትስ? ብብትም በመርፌ ይሰራ ልትሉ ነው?

እሙ ሀናን ዘከሚሴ፦
ብብትማ ስንቱ ፀጉር ተቆጥሮ፣ እጅሽን ሰቅለሽ ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ። እሱ ላይ ሀላዋሽን አምጪ።