ምላሴ ከተቆረጠ በኋላ እንጀራ እንዴት ልብላ?
የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ከ4 ወር በፊት በካንሰር ምክንያት የምላሴ ግማሽ ያህሉ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ጨረርም ስለወሰድኩ አፌ ይደርቃል። አጥሚት እውጣለሁ። እንጀራ ግን ላንቃዬ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ወደ መንጋጋ የሚገፋው የለም። የጣና ቆሮሶ ዓሣንማ እሾሁን መለየት ስላቃተኝ ትቼዋለሁ። ውኃ ደግሞ ከወፍራም ምግብ ይልቅ ትን ይለኛል፤ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ ሳደርግ ይሻለኛል።

«በ» እና «መ» በከንፈር ስለሚወጡ ደህና ናቸው፤ «ለ» እና «ረ» ግን ይጠፉብኛል። የልጄን ስም አስተካክዬ መጥራት አልቻልኩም፤ ሁለት «ረ» አለው።

በዚህ ያለፋችሁ ወገኖቼ፣ የትኛውን የምላስ እንቅስቃሴ በቀን ስንት ጊዜ ሠራችሁ? እንጀራ የጀመራችሁት በምን አርሳችሁ ነው? እዚህ ከተማ የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ።