ባይኖኩላሬ ከውስጥ እንፋሎት ያዘው፣ ነገ ሌሊት ሳኔቲ እንወጣለን፣ እርዱኝ

የጎባው አስጎብኚ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎባ ነኝ፣ አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ወፍ ለማየት የመጡ ባልና ሚስት ይዣለሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሀረና ጫካ ስንዞር ዝናቡ አልለቀቀንም። ሆቴል ገብቼ ባይኖኩላሬን (የሩቅ ማያ መነጽሬን) ሳየው ጭጋግ ብቻ ነው። በጨርቅ ጠረግኩት፣ ወይ ፍንክች። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ወደ ሳኔቲ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው ከፍተኛ ሜዳ፣ እንነሳለን። ሴትዮዋ የራሷ የላትም፣ የምታየው በኔው ነው። ከአገሯ ድረስ የመጣችው ደግሞ ብሉ ዊንግድ ጉስ የምትባለውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለማየት ነው። ዛሬ ራሴን አመመኝ ብላ እራት እንኳን አልበላችም፣ ቀኗ ተበላሽቶባታል። ወጥ ቤት የከሰል ምድጃ አለ፣ አጠገቡ ባሳድረው ይደርቃል? ወይስ ፈትቼ ልጥረገው? ትንሿ የመነጽር መፍቻ አለችኝ። ቶሎ በሉልኝ በናታችሁ።

ሚኪ የመገናኛ
ሩዝ ውስጥ ክተተው። ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገብቶ በሩዝ ነው የዳነው።

ጋሽ ሌንስ
አትፍታው ወንድሜ! መፍቻዋን ወደ ቦታዋ መልሳት። ለ20 ዓመት ካሜራና ባይኖኩላር ጠግኛለሁ። እጄ ላይ የሚመጡት ብዙዎቹ ውሃ ያበላሻቸው ሳይሆኑ ባለቤቱ የፈታቸው ናቸው። ውስጡ ብርሃኑን የሚመልሱ ፕሪዝሞች አሉ። አንዷ በፀጉር ያህል ከቦታዋ ከተነቃነቀች ሁለቱ ዓይን ለየብቻ ያያል፣ አንዷ ዝይ ሁለት ትሆንብሃለች። ያንን በእጅ አትመልሰውም፣ መሣሪያ ይፈልጋል።
ከሰሉንም ተወው። ሙቀቱ የውስጡን ቅባት ያቀልጠውና ሌንሱ ላይ ይሄዳል። ጭጋጉ ይለቃል፣ ቅባቱ ግን አይለቅም።
ደህና የሚገጥም ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ከወጥ ቤት ጠይቅ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ጠጠር ያለባት ትንሽ ከረጢት፣ ሲሊካ ጄል የምትባለውን፣ አምስት ስድስት ካገኘህ ከባይኖኩላሩ ጋር ክተትና ግጥም አድርገህ ዝጋው። የሌንሱን ክዳኖች አውልቅ፣ የዓይኑን ጎማ ወደ ውጭ ሳበው። እውነቱን ልንገርህ፣ ውስጥ የገባ እርጥበት በአንድ ሌሊት ተሟጦ አያልቅም፣ ቀናት ይፈልጋል። ለነገ ግን ይቀንስልሃል። ለመሆኑ ሞዴሉ ምንድን ነው? ከውስጥ ጭጋግ እንዳይዘው ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ነው? ሁለቱም ዓይን ነው ወይስ አንዱ?

ቤቲ ሮቤ
ሩዝ ሞክር፣ ለኔ ሠርቷል።

የጎባው አስጎብኚ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ናይትሮጅን ይኑረው አይኑረው አላውቅም፣ ከአንድ እንግዳ የተሰጠኝ አሮጌ ነው። ቀኙ ጭልጥ ብሎ ጠፍቷል፣ ግራው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። የጫማ ሱቁ ተዘግቷል። ሩዝ ግን አለ።

ጋሽ ሌንስ
እንግዲያው ሩዙን በብረት ምጣድ ላይ ትንሽ አሙቀው፣ እርጥበቱ ይውጣ። በደንብ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረህ ዕቃው ውስጥ አስቀምጠው። እንዳለ አትዝራበት፣ ዱቄቱ የማስተካከያ መዘውሩ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ሱቁ ሲከፍት ከረጢቶቹን ጠይቅ፣ ማንም አይከለክልህም። ግራው ዓይን ከዳነ ደግሞ ሥራ አልቆመም፣ ቀኙን ሸፍናችሁ በአንድ ዓይን ታያላችሁ።

ሚኪ የመገናኛ
ሩዝ አላልኩም? ብቻ ሲነጋ ለቁርስ እንዳትቀቅለው።

አስታ ሥር
እኔ የምለው፣ ለዝይ ባይኖኩላር ምን ያደርጋል? ወጣት አስጎብኚዎች ዕቃ ላይ ትደገፋላችሁ፣ ጆሮና እግር ላይ አትሠሩም። ሳኔቲ ላይ ያቺ ዝይ ከትንንሾቹ ኩሬዎችና ከጅረቱ ዳር አትጠፋም። መኪናውን አቁመህ ሞተሩን አጥፋና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ስትራመድ ታያታለህ። እንደዚያ የምትሄድ ሌላ ዝይ እዚያ ላይ የለም። ሰማያዊው ክንፏ ስትነሳ ነው ወለል ብሎ የሚታየው፣ ግን ለዚያ ብላችሁ እንዳታስነሷት። ሩዤ ሬይል የምትባለው ወፍም ሰው ብዙ አትፈራም፣ ቡኒ ናት፣ ጭራዋን ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ከሥሩ ነጩ ብልጭ ይላል።
ለሀረናም እነግርሃለሁ። ካትበርድ የምትባለው ወፍ ቅጠል ውስጥ ገብታ ነው የምትዘፍነው፣ መጀመሪያ ጆሮ ነው የሚያገኛት። እባካችሁ በስልክ ድምፅ እያጫወታችሁ አትጥሯት። ጠላት ገባብኝ ብላ ግዛቷን ልትከላከል ትወጣለች፣ ጎጆ ያላት እንደሆነ ደግሞ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በፈረንጆቹ 2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ጥበቃው ግን የኛ ሥራ ነው።

የጎባው አስጎብኚ
ጋሼ ምክሩን ተቀብያለሁ፣ በስልክ ድምፅ አጫውቼ አላውቅም። ግን የእንግዳው ዓይን የኛ ዓይን አይደለም፣ ሴትዮዋ 68 ዓመቷ ነው።

ነርስ ከደባርቅ
ሁላችሁም ስለ መስታወት ታወራላችሁ። ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ራሴን አመመኝ ብላ እራት አልበላችም ብለሃል። አቅለሽልሿታል? አስመልሷታል? ያዞራታል? አዲስ አበባ የገቡትስ መቼ ነው?

የጎባው አስጎብኚ
አዲስ አበባ የገቡት ከትናንት በስቲያ ነው፣ ትናንት ጎባ ገባን። አላስመለሳትም፣ ምግብ ሲሸታት ግን ፊቷን አዞረች። ብርዱና ዝናቡ መስሎኝ ነበር።

ነርስ ከደባርቅ
ብርድ ብቻ አይመስለኝም። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ሀረና ለመግባት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ሳኔቲን አቋርጣችሁ ወርዳችኋል፣ ማታ ደግሞ በዚያው ተመልሳችኋል። በአንድ ቀን ሁለቴ ማለት ነው። ራስ ምታትና የምግብ መዝጋት አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የከፍታ ሕመምን ነው። እኛ ስሜን ተራሮች ላይ የምናውቃት አንዲት ሕግ አለች፣ ምልክቱ ሳይለቅ ወደ ላይ አይወጣም። አሁኑኑ ሂድና ጠይቃት። ውሃ ትጠጣ፣ አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን አትውሰድ። ጠዋት ሙሉ በሙሉ ካልተሻላት ነገ ሳኔቲ የለም። ቀጥ ብላ መራመድ አቅቷት ከተንገዳገደች፣ ግራ ከተጋባች ወይም ተኝታም ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ንጋት አትጠብቅ፣ ሆስፒታሉ እዚያው ጎባ ነው፣ ውሰዳት።

ሹፌሩ 4x4
ሳኔቲን ሰርዝ ማለት ለአፍ ይቀላል። ሰዎቹ ከፍለዋል። በመኪና ወጥቶ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መውረድ ምን ችግር አለው? እኔ ስንቱን ወስጃለሁ።

ነርስ ከደባርቅ
ስንቱ ደህና ሆኖ ወጥቶ ይሆናል። እሷ ግን ታማ ነው የምትወጣው፣ ያ ነው ልዩነቱ። ብሯም ሆነ ዝይዋ አንድ ቀን ይቆያሉ።

ጅብራ
እኔ አንድ መንገድ ልጠቁምህ፣ ሁለቱንም ነገር ይፈታል። ነገ ፕሮግራሙን ገልብጠውና ሶፍ ዑመር ዋሻ ውረዱ። በሮቤ አድርገህ በጎሮ ነው። ቦታው ከጎባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ ሙቅና ደረቅ ነው። ሴትዮዋ ታርፋለች፣ ባይኖኩላርህም ጥላ ሥር ተከፍቶ ከሀረና በተሻለ አየር ይደርቃል። እንዲያው ዋሻ ለማየት ብቻ አይደለም የምልህ፣ ሳልቫዶሪስ ሲድኢተር የምትገኘው እዚያ ነው፣ ቢጫ ጉሮሮዋ ላይ ጥቁር መስመር ያላት ትንሽ ወፍ። ወፍ ተመልካቾች ለሷ ብለው ነው የሚወርዱት። ዝይዋን ከነገ ወዲያ ታሳያቸዋለህ። ስለ መንገዱ ብቻ ዛሬ ማታ የሮቤ ሹፌሮችን ጠይቅ።
ሳኔቲ ስትወጡ ደግሞ ባይኖኩላሩን አንገትህ ላይ አታንጠልጥለው። ጃኬትህ ውስጥ ደረትህ ላይ ያዘው። ጭጋጉ የሚመጣው መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ወፏ ስትታይ አውጥተህ ስጣትና ቶሎ መልሰው። እኔ አንድ ሙሉ ወቅት እንዲህ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ጋሽ ሌንስ
ጅብራ ያለው ትክክል ነው። ፀሐይ ላይ ብቻ አታስጣው፣ ጥላ ውስጥ።

የጎባው አስጎብኚ
በሩን አንኳኩቼ መጣሁ። ባልየው ነው የከፈተው። ተኝታለች፣ ራሷን ግን አሁንም ያማታል፣ ማቅለሽለሹንም እኔ እንዳልጨነቅ ብላ ነው የደበቀችኝ። በሻይ ብርጭቆ ውሃ ሰጠኋት፣ ግማሹን ጠጣች። የ11 ሰዓቱን ሰርዘናል። ባይኖኩላሩ ሩዝ አጠገብ ተኝቷል። ለሮቤው ሹፌር ልደውል ነው።

ነርስ ከደባርቅ
ጎበዝ። ሌሊት አንድ ሁለቴ ባልየው ይቀስቅሳት፣ ስሟንና የት እንዳለች ይጠይቃት።

ቤቲ ሮቤ
ሴትዮዋ እንዴት አደሩ?

ጋሽ ሌንስ
ሁለት ቀን ሆነ እኮ። የጎባው፣ እንግዳህ ደህና ናት? ቀኙ ዓይንስ ለቀቀ?

አዲስ አባል
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የኔ ባይኖኩላር ደግሞ በውጭ በኩል ብቻ ነው ጭጋግ የሚይዘው፣ ከብርድ መኪና ውስጥ ስገባ። እሱም ሩዝ ይፈልጋል?

ሚኪ የመገናኛ
ሩዝ

ጋሽ ሌንስ
አይፈልግም! ቦርሳህ ውስጥ ዘግተህ ይዘኸው ግባ፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ።