አኒሞኒዬ ወደ ፓምፑ እየተሳበች ነው፤ እንዴት ላላቅቃት?

ሰላም ወገኖች። ደሴ፣ ሳሎኔ ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አለኝ። የባሕር አኒሞኒዬ (አበባ የምትመስል የባሕር እንስሳ ናት) ከድንጋዩ ለቅቃ መስታወቱን ይዛ ወደ ፓምፑ አፍ እየተሳበች ነው። አፏ ከፈት ብሎ ቀርቷል፣ ቡናማ የነበሩት ጣቶቿም ነጥተዋል። ፓምፑ ከሳባት ተቆራርጣ ውኃውን ትበክልና ዓሦቹንም ይዛብኝ ትሄዳለች፤ ለጊዜው አፉን በስፖንጅ ሸፍኜዋለሁ። ሰዉ ሁሉ «አብሽር» ይለኛል፤ ምን ላድርግ ስል ግን መልስ የለም።

የውኃው ሙቀት 25 ዲግሪ ነው፣ ጨዉ በሃይድሮሜትር (በውኃ እፍጋት መለኪያ) 1.025። የሚተነውን የምተካው ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ነው፤ ጨው አብሮ አይተንማ። (የወጥ ጨው ጨምርበት የምትሉኝ ካላችሁ ተዉኝ።)

የሚያስጨንቀኝ መብራት ነው። ሲጠፋ ማሞቂያውም ፓምፑም ይቆማል፣ የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ራሱ ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው።

እግሯን ሳልቀድ ከመስታወቱ እንዴት ላላቅቃት? ጓንት አለኝ። አንዱ ከውጭ በኩል በረዶ አስጠጋባት ይላል፣ ሌላው በቀጭን ፕላስቲክ ካርድ ከጠርዟ ቀስ እያልክ ግባ ይላል። ወይስ ራሷ ቦታ እስክትመርጥ ልተዋት? መንጣቷስ ከብርሃን ማነስ ይሆን? መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ብቻውን ሌሊቱን ያሻግራል?

ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ያላችሁ፣ የናይትሬት መለኪያ ካላችሁ አበድሩኝ፤ የእኔ አልቋል። መጥቼ እወስዳለሁ።