ለጭነትና ለተሳቢ የቱ ፒካፕ ይሻላል? አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ጥያቄ፦ የግንባታ ዕቃ የሚጭን፣ አልፎ አልፎም 2.5 ቶን ተሳቢ የሚጎትት ፒካፕ ፈልጌ ነበር። ዓይኔ ደብል ጋቢና የቶዮታ ሃይሉክስ፣ የአይሱዙ ዲማክስና የፎርድ ሬንጀር ላይ ነው። ጥቆማችሁን አትንፈጉኝ።

ጥቆማ 1፦ ወንድሜ፣ ከስሙ በፊት አራት ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍር፦ ባዶ ክብደት፣ ከነጭነቱ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት፣ የኋላ አክስል ገደብ፣ መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ የተፈቀደላቸው ክብደት። ሻጭ ግን የሚነግርህ አምስተኛውን ብቻ ነው፦ «3.5 ቶን ይጎትታል»።

በምሳሌ እንየው። ባዶው 2,100 ኪሎ፣ ጠቅላላው 3,050፣ ከነተሳቢው 5,850 ይሁን። 3,500 ኪሎ ከጎተትክ ለመኪናው የሚቀረው 2,350 ነው፤ ባዶውን ስትቀንስ 250 ኪሎ። ሦስት ሰውና የመሣሪያ ሳጥን ጨረሱት፣ ስፖንዳው (የኋላ የጭነት ሳጥኑ) ባዶውን ይሄዳል።

በአንተ 2.5 ቶን ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። የተሳቢው አፍንጫ ጋንቾው (መኪናው ላይ ያለው የመጎተቻ መንጠቆ) ላይ የሚያሳርፈው ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ገደማ መሆን አለበት፣ ማለትም 250 ኪሎ። ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። ከ950 ኪሎ የመጫን አቅምህ ላይ ይሄ 250 ይቀነሳል፣ አራት ሰው ሌላ 300 ይወስዳል፤ የቀረህ 400 ኪሎ፣ ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ ነው። በዚያ ላይ ጋንቾው ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ስለሚርቅ እንደ ማንሻ ዘንግ የፊቱን ያነሳል፦ በሁለቱ አክስሎች መካከል 3 ሜትር ቢሆን 250 ኪሎው የኋላውን በ350 ይጫነዋል፣ የፊቱን በ100 ያቀለዋል። ቁልቁለት ላይ መሪው የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

አሸዋ የምታመላልስ ከሆነ ደብል ጋቢና አትግዛ። ስፖንዳው 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ከፍታው ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ ሞልቶ 1.1 ሜትር ኪዩብ፣ ደረቅ አሸዋ 1.8 ቶን ገደማ ይይዛል። አራት ሰው ተሳፍሮ አቅሙ የሚፈቅደው ከስንዝር ያነሰ ከፍታ ነው። ነጠላ ጋቢና ስፖንዳው ረጅም ነው፤ ጭነቱም ከአክስሉ ወደ ፊት ይቀመጣል።

ጥቆማ 2፦ ስለ ሞተሮቹ ልጨምር። አዲሱ ሃይሉክስ 2.8 አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዞ 500 ኒውተን ሜትር የመጎተት ጉልበት (ቶርክ) ይሰጣል፤ 2.4ቱ ለጭነት ይበቃል፣ ለከባድ ተሳቢ ግን ዳገት ላይ ይታያል። ያገለገለ ከሆነ የድሮው 3.0 (1ኬዲ የሚባለው ሞተር) ጠንካራ ነው፣ አንድ ነገር ካላለፈህ። ከኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ ረጪዎቹ) ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ ሲያፈስ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ጥላሸቱ ካርተሩ (የሞተሩ የታች ዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ካርተሩ ተፈትቶ ወንፊቱ ይታይ፤ ሻጩ ካልፈቀደ መልሱን አገኘህ። ይህ ሞተር የሚዞረው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው፣ መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ።

ለከባድ ሥራ ምርጫዬ ዲማክስ 3.0 ነው። ሞተሩ 4ጄጄ1 በካቴና (በብረት ሰንሰለት) የሚዞር፣ የማይቸኩል ነው፤ ውስጡ ምቾት የለውም፣ ለሲሚንቶ ደግሞ ምቾት አያስፈልገውም።

ሬንጀር 3.2 ባለ አምስት ሲሊንደር ጉልበቱ ያምራል። ዘይት ሲቀየር ግን ቶሎ መሞላት አለበት፤ ባዶውን ብዙ ከቆየ የዘይት ፓምፑ አየር ይዞ ሲነሳ መምጠጥ ያቅተዋል። «አፍስሰህ ጠዋት ትሞላዋለህ» የሚል መካኒክ ጋ አትውሰደው። በመጀመሪያዎቹ 2.0 ሞተሮች ደግሞ ቺንጋው ዘይት ውስጥ ነው የሚሮጠው፤ ትክክለኛው ዘይት ካልገባ ቺንጋው ይፈረፈራል።

የኒሳን ናቫራን በተመለከተ፣ ዲ40 የሚባለው የድሮው ሞዴል ሻንሲው (ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም) በዝገት የሚሰበር ነው። አዲሱ ደግሞ በብዙ አገር ደብል ጋቢናው ከኋላ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ቅጠል) ፈንታ ጥምዝ ሞላ አለው፤ ባዶውን ይመቻል፣ ሲጫን ይቀመጣል።

ጥቆማ 3፦ ያገለገለ ስታይ ሞተሩን ሳይሆን ሻንሲውን ቀድመህ እይ። ሞተር ይታደሳል። በጋቢናውና በስፖንዳው መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል መሆን አለበት፤ ከላይ ሰፋ ካለ ሻንሲው ጎብጧል፣ ተወው። ሥር ገብተህ የብየዳ ምልክትና አዲስ ጥቁር ቀለም ፈልግ። ባሌስትራ ላይ የተጨመረ ቅጠል፣ ሲጫን ባሌስትራው ሻንሲውን እንዳይመታ የሚያግደው የጎማ ቁራጭ ተጨፍልቆ ማየት፣ ቀዳዳው የሰፋ የጋንቾ ብሎን፣ ሁሉም «ከአቅሜ በላይ ስሠራ ኖሬያለሁ» ይሉሃል።

ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው፤ ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ና። በሚኒሞ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ገልብጠህ አፉ ላይ አሳርፈው፤ ጋዙ ገፍቶ ከጣለው ሲሊንደሮቹ አልቀዋል። ፍሪሲዮኑን በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ በመስጠት ሞክረው፦ ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ይንሸራተታል። የዲፈረንሻሉ ማፍሰሻ ብሎን ላይ ግራጫ ቅባት ቢኖር ደኅና ነው፣ የብረት ስባሪ ግን አይደለም። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር «ቋ» ካለ ክሮቼራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መጋጠሚያ) ሄዷል። አራቱም ጎማ የሚነዳበትን ዝቅተኛ ማርሽ ልቅ አፈር ላይ አስገባው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ አትሞክር።

ጥቆማ 4፦ አንድ ማረሚያ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ኋላው ሲቀመጥ ባሌስትራው ላይ የአየር ከረጢት የሚጨምሩ አሉ። ከፍታው ይመለሳል፣ የተፈቀደው ክብደት ግን አይጨምርም። ባሌስትራ ጭነቱን በሁለት ጫፉ ለሻንሲው ያካፍላል፤ ከረጢቱ ግን አንድ ነጥብ ላይ ይገፋል፣ ሻንሲው የሚጎብጠውም እዚያው ነው።

ጎማም እይ። ጎኑ ላይ 104 የሚል 900 ኪሎ፣ 112 የሚል 1,120 ኪሎ ይሸከማል። ያገለገሉ ፒካፖች ላይ ለማማር ሲባል የተገጠመ የቤት መኪና ጎማ ብዙ ነው።

2.5 ቶን የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን ከሌለው አትጎትት፤ ያለ ፍሬን የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ 750 ኪሎ ብቻ ነው። አዲስ ከገዛህ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሳቢ አታስር፣ ትክክለኛው ርቀት መመሪያው ላይ አለ። ዳገት ላይ አውቶማቲኩ ሁለት ማርሽ መካከል ሲዋልል በእጅህ አንዱን ዝቅ አድርገህ ያዘው። የካምቢዮው ዘይት የሚቃጠለው በዚያ መዋለል ነው።